የ274 ወንበር ሂሳብ፦ ስለ ምርጫና ስለ ፓርቲዎች ጥምረት የጠየቃችሁን

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ምርጫ ናቸው። በተለይ ፓርቲዎች በቡድን በቡድን ሆነው ለፓርላማ ሲፎካከሩ ምን እንደሚፈጠር ብዙ ሰው ጠይቋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጠቅልያቸዋለሁ። አራት ገጽ የጻፈልን ወንድማችን፣ ደብዳቤህ ወደ አራት መስመር ወርዷል፤ እንዳትቀየመኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በ1997 ገና አልተወለድኩም። ቤታችን ውስጥ ግን «ዘጠና ሰባት» ከተባለ ወሬው አያልቅም። አባቴ ቅንጅት ፓርቲ ነበር ይላል፣ አጎቴ ፓርቲ አልነበረም ይላል። ማነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ጊዜ ነው። ቅንጅት ሲወለድ ፓርቲ አልነበረም። አራት ፓርቲዎች ለዚያ ምርጫ ሲሉ የፈጠሩት ስብስብ ነው። ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል የሚመሩት መኢአድ አለ፣ እነ ዶክተር አድማሱ ገበየሁና አቶ ልደቱ አያሌው የነበሩበት ኢዴፓ መድኅን አለ፣ እነ ዶክተር ብርሃኑ ነጋና ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የነበሩበት ቀስተ ደመና አለ፣ አራተኛው ደግሞ ብዙም ስሙ የማይነሳው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ነው። ተዋህደን አንድ ፓርቲ እንሁን የተባለው ከምርጫው በኋላ ነው። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ ወደታች እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን አባትህም አጎትህም ሳይዘሉት አልቀሩም። ያኔ የተፎካከሩት ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ስብስቦች ናቸው። ኢሕአዴግ ራሱ ስብስብ ነበር። ሦስተኛው ኅብረት ነው፤ በ1995 ብዙ ድርጅቶች አሜሪካ ላይ ተሰብስበው የመሠረቱት፣ አገር ውስጥ እነ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስና ዶክተር መረራ ጉዲና የመሩት። ኅብረት በወሬ ላይ ይረሳል። አዲስ አበባ ላይ ስላልገነነ ይመስለኛል፤ ወሬውን የሚያወራው የከተማ ሰው ነዋ።

ቁጥሩን ልስጥህ፣ ቤት ገብተህ አስታርቃቸው። ምርጫው ግንቦት 7 ቀን 1997 ነው፤ የሶማሌ ክልልና ድጋሚ የተባለባቸው 31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 መረጡ። በመጨረሻው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ ኦፌዴን ደግሞ 11 ወንበር አገኙ። ከዚያ በፊት በነበረው ምክር ቤት የተቃዋሚው ወንበር አንድ ደርዘን ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠራርጎ ወሰደ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ደግሞ 137ቱን።

ቁጥር ብቻውን ግን ያንን ጊዜ አይነግርህም። በቴሌቪዥን ክርክር ሲኖር መንገዱ ጭር ይል ነበር። ሚያዝያ 29 ቅዳሜ ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላው፣ በማግስቱ እሑድ ተቃዋሚው ሞልቶ አፈሰሰው። በምርጫው ቀን እኔ ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ወጥቼ ድምፅ የሰጠሁት ከምሳ በኋላ ነው። ከኋላዬ የነበሩት ጨልሞባቸዋል። ማንም ግን ጥሎ አልሄደም።

ጥያቄ፦ የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። ግንባር፣ ቅንጅት፣ ውህደት የሚሉትን ተማሪዎቼ ያደበላልቁብኛል። እኔም እውነቱን ለመናገር ሳስረዳ እጠላለፋለሁ። በአጭሩ?

መልስ፦ ውህደት ሲሆን የነበሩት ፓርቲዎች ይጠፋሉ፣ አዲስ አንድ ፓርቲ ይወለዳል። ኢዜማ በ2011 እንዲህ ነው የተመሠረተው፤ ሰባት ፓርቲዎች ፈርሰው። ግንባር ሲሆን ፓርቲዎቹ ስማቸውንና ድርጅታቸውን ይዘው ይቆያሉ፣ ግን የጋራ ፕሮግራምና የጋራ አመራር አላቸው፣ ዘላቂ ነው። ቅንጅት ደግሞ ለአንድ ምርጫ የሚደረግ መተባበር ነው።

ለተማሪዎችሽ ቅንጅትን በደቦ አስረጃቸው። አጨዳ ደርሷል፣ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ አጨዳው ሲያልቅ ማጭዱን ይዞ ወደየቤቱ ይገባል። መሬቱ አልተቀላቀለም፣ ጎተራውም አልተቀላቀለም። ውህደትን ደግሞ በትዳር አስረጃቸው፣ ሳቅ ስለሚበዛ አይረሱትም።

የ1997 ትውልድ «ቅንጅት» ሲባል የአንድ ፓርቲ የተፀውኦ ስም ይመስለዋል። ሕጉ ላይ ግን ተራ ስም ነው። ነገ ማንም ሁለት ፓርቲ ቅንጅት መፍጠር ይችላል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ደብተር ሳመሳክር ኖሬ አንድ ነገር አልገባኝም። አንድ ጠንካራ ፓርቲ ካለ ብቻውን ተወዳድሮ ለምን አያሸንፍም? መሰባሰቡ፣ መለጣጠፉ ምን ይሠራል?

መልስ፦ አባታችን፣ እርስዎ በሒሳብ ከመጡብኝ እኔም በሒሳብ ልምጣ። ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ይላል፤ በተግባር የተከፋፈለው 547 ነው። መንግሥት ለመመሥረት ያለ ስጋት የሚያስፈልገው ግማሽ ሲደመር አንድ፣ ማለትም 274 ነው።

አሁን ወንበሮቹ የት እንዳሉ ይዩ። ኦሮሚያ 178፣ አማራ 138፣ በፊት ደቡብ ይባል የነበረው (ዛሬ አራት ክልል ሆኗል) 123፣ ትግራይ 38፣ ሶማሌ 23፣ አዲስ አበባ 23፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ 9፣ አፋር 8፣ ጋምቤላ 3፣ ሐረሪና ድሬዳዋ ሁለት ሁለት። ደምረው ያመሳክሩት፣ 547 ይመጣል።

እንግዲህ አንድ ፓርቲ ኦሮሚያን አንድም ሳይቀር ቢጠርግ 96 ይጎድለዋል። ሌላው አማራን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ሙሉ በሙሉ ቢወስድ 163 ነው፣ 111 ይጎድለዋል። ማንም በአንድ ክልል ላይ ቆሞ አራት ኪሎ አይደርስም። ወይ ራሱ አገር አቀፍ ሆኖ ሁሉም ቦታ ሥር መስደድ አለበት፣ ወይ በየአካባቢው ሥር ካላቸው ጋር መያያዝ አለበት። ኢሕአዴግ ይህን ሂሳብ ቀድሞ ነው የሠራው፤ አራት ድርጅት፣ አራት ክልል። 178፣ 138፣ 123 እና 38ን ደምረው አዲስ አበባን ሲጨምሩበት ድፍን 500 ይሆናል። በ2007 ኢሕአዴግ ያገኘው ስንት እንደሆነ ያውቃሉ? 500። የቀሩትን 47 አጋሮቹ ወሰዱ። አንድም የተቃዋሚ ወንበር የሌለበት ምክር ቤት ነበር፤ የዚያ ዓመት ጉዳይ በመደመር ብቻ የሚያልቅ አይደለም፣ ግን ጠረጴዛው እንዴት እንደተሠራ ያሳየናል።

ስለዚህ በእኛ አገር ጥያቄው እንሰባሰብ ወይስ አንሰባሰብ ሳይሆን መቼና ከማን ጋር ነው። ይኼ የእኔ አስተያየት ነው፤ የሚቃወም ይጻፍልኝ፣ ግን 547ቱን ደምሮ ይምጣ።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር ሁሌም ሦስትና አራት ተቃዋሚ ይወዳደራል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያወራው። በመጨረሻ የገዥው ፓርቲ ዕጩ ያልፋል። ጥፋቱ የማነው? ተናደን ነው የምንጽፍልህ።

መልስ፦ ንዴታችሁ ገብቶኛል። የኛ ምርጫ ሕግ በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎች መሀል ብዙ ድምፅ ያገኘውን ያሳልፋል። ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም፣ ከሌሎቹ መብለጥ ብቻ ነው። ከመቶ ሰው 40ው ለአንዱ፣ 35ቱ ለሁለተኛው፣ 25ቱ ለሦስተኛው ድምፅ ቢሰጥ 40ው ያሸንፋል። 60 ሰው ያልመረጠው ተወካይ ይሆናል። የ60ው ድምፅ እንኳን ግማሽ ወንበር፣ የወንበር እግር አይሰጠውም።

ጥምረት ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተነጋግረው አንዱ ቢለቅ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። ይችላል ነው ያልኩት። የለቀቀው ዕጩ ደጋፊዎች ሁሉ ወደ ሌላው ይሄዳሉ ማለት አይደለም፤ ተናዶ ቤቱ የሚቀር አለ፣ ወደ ገዥው የሚዞርም አለ።

እና ጥምረት ጠንካራ ነው ወይስ ማስመሰያ ነው የሚለውን ለማወቅ ከፈለጋችሁ የአደባባዩን ሕዝብ አትቁጠሩ፣ የጋራ መግለጫውንም አታንብቡ። የምርጫ ክልል ድልድሉን ጠይቁ። ማን ለማን ለቀቀ? የትኛው ሊቀ መንበር የራሱን ሰው «አንተ ዘንድሮ ተቀመጥ» አለው? እዚያ ላይ ነው ጉዱ ያለው። ፎቶ ላይ ተቃቅፈው የሚታዩ ሰዎች አንዲት የገጠር ወንበር ላይ ሲደርሱ ይጣላሉ፣ ምክንያቱም ያቺ ወንበር ላይ ለአሥር ዓመት የለፋ፣ የታሰረ፣ ሥራውን ያጣ ሰው አለ፣ እሱን ለማያውቀው ፓርቲ ብለህ ልቀቅ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

በ2002 መድረክ የሚባለው ስብስብ ተፈጥሮ ነበር፤ አንድነት፣ አረናና ሌሎችም ፓርቲዎች ነበሩበት። አዲስ አበባ ላይ ግን ኢዴፓም መኢአድም ለየብቻቸው ዕጩ አቀረቡ። መድረክ በአገር አቀፍ ደረጃ ያገኘው አንድ ወንበር ነው፣ የአቶ ግርማ ሰይፉ፣ እሱም ከአዲስ አበባ። አንድ የግል ተወዳዳሪም አልፏል። የቀሩት 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። ሁሉንም በመከፋፈል ላይ ባላክክ ግን ውሸታም እሆናለሁ። ያኔ ሜዳው ራሱ ጠቦ ነበር፤ የአንድነቷ መሪ ወይዘሪት ብርቱካን ምርጫው ሲካሄድ እስር ቤት ነበሩ። በኋላ ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው የ2013ን ምርጫ እሳቸው አስፈጸሙ። አገራችን እንዲህ ናት።

ጥያቄ፦ ኢሕአዴግ ውስጥ ግን ሁሉም እኩል ነበር?

መልስ፦ ወረቀት ላይ አዎ። ሕወሓት፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድ፣ ደኢሕዴን እያንዳንዳቸው ለምክር ቤቱ 45፣ ለሥራ አስፈጻሚው 9 ሰው ይልካሉ። 38 ወንበር ካለው ክልል የመጣውም 178 ካለው የመጣውም እኩል። የሶማሌ፣ የአፋር፣ የቤንሻንጉል፣ የጋምቤላና የሐረሪ ገዥ ፓርቲዎች ደግሞ አጋር ተብለው ደጅ ነበሩ፤ ፓርላማ ላይ አብረው እጅ ያወጣሉ፣ ግንባሩ ሲወስን ግን ድምፅ የላቸውም። ኅዳር 2012 ብልጽግና ሲመሠረት አጋሮቹ ገቡ፣ ሕወሓት አልገባም አለ። የቀረውን የምታውቁት ነው።

ጥያቄ፦ ከ2013 ምርጫ በኋላ የተቃዋሚ መሪዎች ሚኒስትር ሆነዋል። ታዲያ ይኼ ጥምር መንግሥት አይደለም? ከባለቤቴ ጋር ተከራክረን ራት ሳንበላ አደርን።

መልስ፦ ራታችሁን ብሉ፣ አይደለም። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከኢዜማ የትምህርት፣ አቶ በለጠ ሞላ ከአብን የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ አቶ ቀጄላ መርዳሳ ከኦነግ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆነው ተሹመው ነበር። ብልጽግና ግን 410 ወንበር ይዞ ነበር። ኢዜማ 4፣ አብን 5። ሚኒስትሮቹ በማግስቱ «ወጣን» ቢሉ መንግሥት አይወድቅም ነበር። ጥምር መንግሥት የሚባለው አንዱ ሲወጣ ቤቱ የሚናጋበት ነው።

የሕንዱን የ2016 ምርጫ እዩ። 543 ወንበር አለ፣ ለመግዛት 272 ያስፈልጋል። የናሬንድራ ሞዲ ፓርቲ ቢጄፒ ያገኘው 240 ነው። ብቻውን አይበቃውም። የሱ ጥምረት በጠቅላላ 293 ስላገኘ ነው መንግሥት የመሠረተው፤ ተቀናቃኙ ጥምረት 234 ላይ ቀረ። ስለዚህ 16 ወንበር ያለው ቴሉጉ ዴሳምና 12 ወንበር ያለው ጃናታ ዳል ዩናይትድ ሲያስነጥሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ መሐረብ ያቀብላል። የኛዎቹ ሚኒስትሮች እንዲህ ዓይነት ጉልበት አልነበራቸውም። ሹመቱን ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ማለት ትችላላችሁ፣ ስሙ ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ጥምር መንግሥት ተመሥርቶ መሀል ላይ ቢፈርስ ሕገ መንግሥቱ መፍትሔ አለው?

መልስ፦ አለው፣ አንቀጽ 60ን አንብብ፤ እዚያ ላይ «ጣምራ» ይለዋል። ጥምረቱ ፈርሶ አብላጫው ከጠፋ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎችን ጠርቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠርቱ ይጋብዛል። ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ይበተናል፣ በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ምርጫ ይደረጋል። እስከዚያ የነበረው መንግሥት የዕለት ሥራ ይሠራል፣ ምርጫ ያዘጋጃል፤ አዲስ ሕግ ማውጣት፣ የነበረውን መሻርም አይችልም። የፕሬዚዳንቱ ወንበር ለሥነ ሥርዓት ብቻ ነው የሚል ሰው ይህቺን አንቀጽ አላያትም። እስካሁን ግን በዚህ ምክንያት ተሠርቶባት አያውቅም፤ መሀል ላይ የሚፈርስ ጣምራ መንግሥት አይተን አናውቅምና።

ጥያቄ፦ የእርስዎን ዓምድ ሁሌ አነባለሁ፣ ዛሬ ግን መናገር አለብኝ። ሁልጊዜ ተቃዋሚው ተከፋፈለ፣ ተጣላ ይባላል። ቅንጅትን ያፈረሰው ፀብ ነው ወይስ ጥይት? እኔ በ1998 ወንድሜን ያጣሁ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ዘግይቶ የመጣ ቃል መሆኑን አውቃለሁ።

በምርጫው ዕለት ማታ ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር ታገደ። ሰኔ 1 ቀን 1997 አዲስ አበባ ላይ ሰው ተገደለ። ጥቅምት 1998 እንደገና። ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሥራውን ሲጨርስ፣ አንዳንዶቹ አባላቱ ከአገር ወጥተው ይፋ ያደረጉት ቁጥር 193 ሲቪል ሰው ተገድሏል የሚል ነው፤ ፖሊሶችም ሞተዋል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ ተፈረደባቸው፣ ሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። 137 ወንበር ያሸነፉበትን የከተማ ምክር ቤት ሳይረከቡ ቀሩ፣ ከንቲባ ሊሆኑ የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ቢሯቸውን ሳይሆን ቃሊቲን አዩ። ይህን ፀብ ነው ያፈረሰው ማለት ነውር ነው።

ፀቡም ግን ነበር፣ መደበቅ አልችልም። ከእስሩ በፊት ነው የጀመረው። ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ? እንዋሃድ ወይስ እንቆይ? ኢዴፓ መድኅን ወደኋላ አለ፣ የማኅተም ርክክብ ሳይቀር የጭቅጭቅ ርዕስ ሆነ። ከእስር ሲወጡ ደግሞ ውጭ አገር ያለው ደጋፊ ጭምር ተከፈለ። በ2000 ምርጫ ቦርድ «ቅንጅት» የሚለውን ስም ለአቶ አየለ ጫሚሶ ቡድን ሰጠው፣ ከእስር የወጡት ሰዎች በሌላ ስም አንድነት ፓርቲን መሠረቱ። ሕዝቡ የሞተለት ስም ሌላ ሰው ኪስ ገባ።

የመጀመሪያው ውል አጭር ነበር፤ ለምርጫ አብረን እንወዳደር የሚል። ስናሸንፍ ምን እናደርጋለን፣ በከፊል ስናሸንፍስ፣ ስንታሰርስ የሚለውን ተቀምጠው የተነጋገሩበት አይመስለኝም። 109 ወንበር ይዞ የሚመጣ ማዕበል ማንም አልጠበቀም። ወንድምሽን የወሰደው ይኼ አይደለም፤ እሱን የወሰደው የተኮሰው ሰው ነው። ሁለቱን ለይቼ መጻፍ ስላለብኝ ነው።

ጥያቄ፦ ፓርቲዎች በጥምረት ሲወዳደሩ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የማገኘው የፓርቲዬን ምልክት ነው ወይስ የጥምረቱን? እናቴ ማንበብ ስለማትችል ነው።

መልስ፦ ጥምረቱ እንደ ጥምረት ተመዝግቦ ከተወዳደረ አንድ የጋራ ምልክት ነው የሚኖረው። በ1997 ኢሕአዴግ ንብ ነበር፣ ከአራቱ የትኛው ድርጅት ቢሆን። ቅንጅትም ለአራቱ ፓርቲ አንድ ምልክት ነበረው፣ ሁለት ጣት። ሳይመዘገቡ በቃል ብቻ «እንደጋገፍ» የተባባሉ ፓርቲዎች ከሆኑ ግን እያንዳንዱ በራሱ ምልክት ነው የሚቀርበው፤ ያኔ በእናትሽ የምርጫ ክልል የትኛው እንደሚወዳደር አስቀድመሽ ጠይቂላት፣ ምልክቱን ወረቀት ላይ ሳይላት።

አያቴም ማንበብ አይችሉም ነበር። ግንቦት 7 ማታ ከሰልፍ ሲመለሱ እኛ ልጆቹ ከበን «ማንን መረጡ?» አልናቸው። ዝም። «እሺ በጣት ያሳዩን» አለ ታናሽ ወንድሜ ተንኮሉ። አያቴ ቀኝ እጃቸውን ሙሉውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡትና «ድምፅ ምስጢር ነው ብለው አይደል ያስተማሩን?» ብለው ቡናው እንዲቀርብ አዘዙ።